የጋሼ ተፈራ ድንጋይ በሦስተኛ ክፍል ፍርድ ቤት

እሑድ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጋሼ ተፈራ ድንጋይ ተሸክመው ቤታችን መጡ።

በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አሜሪካ፣ ዌስት ሴንት ፖል ውስጥ፣ ከሮበርት ስትሪት ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ሽማግሌውን አባባ ወልዴን ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን ከወፍራም የክረምት ካፖርት በላይ አጣፍተው ቆመዋል። ከኋላቸው አንድ ያጎነበሰ ሰው አለ። ፊቱ አይታይም። ጫንቃው ላይ ትንሽ ድፎ ዳቦ የሚያህል ግራጫ ድንጋይ በሁለት እጁ ይዟል። ድንጋዩ ላይ የተጣበቀው በረዶ እየቀለጠ በኮሌታው ውስጥ ይንጠባጠባል። ጋሼ ተፈራ መሆናቸውን ያወቅሁት በጫማቸው ነው።

"እማዬ!" ብዬ ልጣራ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። ድምፄ እንደዚያ ነበር፤ በምፈልገው ሰዓት አይመጣም።

የዚያን ድንጋይ ሽታ እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ። ባለፈው ሰሞን አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከመኪና ማቆሚያው ዳር ከተደረደሩት ድንጋዮች ላይ በረዶው ይቀልጥ ነበር። የአፈር፣ የብረትና የቀዝቃዛ ውሃ ሽታ ድንገት መጣብኝ። አውቶቡሱ ቆሞ፣ በሩን ከፍቶ፣ ዘግቶ ሄደ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም።

ጋሼ ተፈራና አባቴ ከአንድ ወረዳ ናቸው፤ ከናይሮቢም አብረው ነው የመጡት። እኔ አጎቴ ይመስሉኝ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ግን ቤታችን መምጣት ተዉ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም። እናቴ በስልክ ስታወራ ከሰማሁት ለቃቅሜ ነው የደረስኩበት።

በኅዳር የአባቴ እናት አገር ቤት አረፉ። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳል፤ ሰው ሐዘኑን በሰው መሀል ሆኖ ይሰማል። ቅዳሜ ሊመጡ ተቀጣጥረው፣ አርብ ማታ ከባድ በረዶ ወረደና ለእሑድ አዛወሩት። ጋሼ ተፈራ ከኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልሱ አድረው ይህን አልሰሙም። ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ተነግሮታል ብለው፣ ለአባቴ ደወሉ። አባቴ በሚሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የምሳ ጋሪ እየገፋ ነበር።

"እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ" አሉት። "መቼም እናት..."

አባቴ ጋሪውን ኮሪደር ላይ ትቶ፣ ያለ ካፖርት፣ በዩኒፎርሙ ብቻ በረዶው ላይ ወጥቶ ቆመ አሉ። ከዚያ በኋላ የጋሼ ተፈራን ስልክ አንስቶ አያውቅም።

እንግዲህ ያ ሰው ነው እሑድ ዕለት ሳሎናችን መሀል ያጎነበሰው። እናቴ ከኩሽና ብቅ አለችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። እሷ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለ ነገር በወሬ እንጂ በዐይኗ አይታ አታውቅም።

"ድንጋይ? በዚህ ዘመን? ኧረ ወገቡ!" አለች።

"ዝም በይ ልጄ" አሏት አባባ ወልዴ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። "ተፈራ አጥፍቻለሁ ብሎ መጥቷል። በአገራችን ወግ ነው የመጣው። አንተስ ምን ትላለህ?"

አባቴ ወደ እሳቸው አልዞረም። ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ቴሌቪዥኑን ያያል፤ ድምፁ ተዘግቶ የቅርጫት ኳስ ይጫወታሉ። ከማድ ቤት የማይክሮዌቭ ሰዓቱ ይታየኛል። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ጠብታው ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። የጋሼ ተፈራ ክርኖች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አራት ደቂቃ ሲሆን አፍንጫቸውን ሲስቡ ሰማሁ። ጋሼ ተፈራ ሲያለቅሱ ሰምቼ አላውቅም ነበርና ደንግጬ ከመጋረጃው ኋላ ገባሁ።

"በል፣ አንሳለት" አሉ አባባ ወልዴ፣ በቀስታ።

አባቴ ተነሣ። ድንጋዩን በሁለት እጁ አቅፎ ከጫንቃቸው አነሳላቸው። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለ፣ በማላውቀው ድምፅ። ከዚያ ድንጋዩን በአንድ ክንዱ እንዳቀፈ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ሁለቱም እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ።

"ከየት አመጣኸው ይሄን?" አለ አባቴ በመጨረሻ፣ ዐይኑን እየጠረገ።

"ከታች፣ ከአበባ መደቡ ዙሪያ። በረዶው ከላዩ ደርቆበት! አባባ በአካፋ ባይረዱኝ ኖሮ እስከ ፋሲካም አይወጣም ነበር።"

"የሕንፃው ማኔጅመንት ቢያየን ሌቦች ናችሁ ይለን ነበር" አሉ አባባ ወልዴ። ሁሉም ሳቁ። እናቴም ምንጣፏን በፎጣ እየጠቀጠቀች ሳቀች።

ድንጋዩ በረንዳችን ላይ ተቀመጠ። እኔ ግን የገባኝ በራሴ መንገድ ነው። አባባ ወልዴ ዳኛው ናቸው። ድንጋዩ ቅጣት አይደለም፤ እንደ መድኃኒት ያለ ነገር ነው። ሰውዬው እስኪያለቅስ ይጠበቃል፤ ሲያለቅስ ዳኛው "አንሳለት" ይላል፤ ከዚያ ሰዎች ይዋደዳሉ። ተሳስተሻል ያለኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤት የምንማረው ስለ አሜሪካ መንግሥት ነበር። መምህራችን ሚስ ሃልቨርሰን ረጅም፣ ሁልጊዜ የሱፍ ሹራብ የምትለብስ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ነበረች። የመጀመሪያ ቀን ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንዲህ አለችን፦

"እዚህ አገር ንጉሥ የለም። ከሕግ በላይ የሆነ ሰው የለም። እኔም ብሆን።"

"ርእሰ መምህሯም?" አለ ታይለር። ታይለር ፊቱ ጠቃጠቆ የሞላበት፣ ወንበሩ ላይ በደንብ ተቀምጦ የማያውቅ ልጅ ነው።

"እሷም።"

ማታ አባቴ እንደ ልማዱ "ዛሬ ምን ተማርሽ?" ሲለኝ "እዚህ ንጉሥ የለም" አልኩት።

"እሱንስ እኛም ደርሰንበታል" ብሎ ሳቀ።

ከዚያ የክፍላችንን ሕገ መንግሥት ጻፍን። ትልቅ ቢጫ ወረቀት ላይ ሰባት አንቀጽ። አምስተኛውን ያቀረበው ታይለር ነበር፦ "ቅጣት ማንንም ማሳመምም ማዋረድም የለበትም።" ሚስ ሃልቨርሰን አጨበጨበችለት፤ ትልቁ ሕገ መንግሥትም ስለ ጨካኝ ቅጣት እንደዚሁ ይላል ብላ ነገረችን። ሁላችንም ተራ በተራ ፈረምን። ከሁሉም ትንሹ ፊርማ የኔ ነው።

ማክሰኞ ዕለት የሴንት ፖሉን ምክር ቤት ሊያሳዩን ወሰዱን። ነጭ ጉልላቱን ከአውቶቡሱ መስኮት ስመለከት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን መሰለኝ። እብነ በረዱን ደረጃ ወጥተን በሩ ጋ ስንደርስ አማተብኩ፤ ከዚያ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። አጠገቤ የነበረችው ማይ፣ ሕሞንግ ከሚባል የሩቅ ምሥራቅ ሕዝብ የተወለደች ናት፣ እነሱም ቤት ሲገቡ ጫማ ያወልቃሉ፣ አየችኝና እሷም አወለቀች። ሁለታችን በካልሲ ያንን የሚያንሸራትት ወለል ይዘን እስከ መሀል ሄድን። አስጎብኚው ዞር ብሎ እግራችንን ሲያይ ንግግሩ ተቋረጠ።

"ልጆች፣ ጫማችሁ ምን ሆነ?"

ሚስ ሃልቨርሰን ከት ብላ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ግን በሀፍረት ጆሮዬ እስኪግል ድረስ ተቃጠልኩ። ማይ ጫማዋን እያሰረች "ጥፋቱ ያንቺ ነው" ብላ ጎኔን በክርኗ ነካችኝ። ጓደኛ የሆንነው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ነው።

ረቡዕ ምርጫ አደረግን። ታይለር "የዕረፍት ሰዓት ይረዝማል" ብሎ ቃል ገብቶ ፕሬዚዳንት ሆነ። ፕሬዚዳንት ደግሞ ዳኛ ይሾማል፤ ምክር ቤቱ፣ ማለት ክፍሉ ሁሉ፣ ያጸድቃል። ታይለር ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አይቶ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

"ቤዛን ነው የምሾመው።"

"ለምን?" አለች ሚስ ሃልቨርሰን።

"ምንም አትናገርማ!"

ክፍሉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሃያ ሦስት እጅ ወጣ። እንዲህ ሆኜ ዳኛ ሆንኩ፤ ከድንጋጤዬ የተነሣ አልፈልግም ማለት እንኳ አልቻልኩም።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ማይ ወንበሯ ላይ ተደፍታ አገኘኋት። አያቷ የጠለፈችላት የእርሳስ ቦርሳ አላት፤ ጠርዙ ላይ ትንንሽ የብር ሳንቲም የሚመስሉ ክቦች ተንጠልጥለውበታል፤ ስትራመድ ይንሿሿሉ። ሁለቱ በመቀስ ተቆርጠዋል። የቆረጠው ታይለር ነበር።

"እውነተኛ ብር መሆኑን ላይ ብዬ ነው" አለ። አልካደም።

ሚስ ሃልቨርሰን አልተቆጣችም። "ፍርድ ቤት አለን አይደል?" አለች። "ፕሬዚዳንትም ቢሆን ከሕግ በላይ አይደለም።" እኔን የሷ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ እግሬ መሬት አይነካም። ታይለር ፊቴ ቆመ። ማይ በቀኜ ቆመች፤ የተቆረጡትን ሁለት ክቦች መዳፏ ውስጥ ጨብጣለች።

"ክብርት ዳኛ" አለችኝ ሚስ ሃልቨርሰን፣ "ለማይ ፍትሕ የሚሰጥ፣ ታይለርንም የሚያስተምር ነገር አስቢ። ሕገ መንግሥታችንን እያየሽ።" በዚያው ቅጽበት ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። አነሳችና ጀርባዋን ሰጥታን ማውራት ጀመረች።

እኔ ቢጫውን ወረቀት አላየሁም። እሑድን ነበር የማየው።

ከወንበሩ ወረድኩ። የክፍላችን በር እንዳይዘጋ የሚደገፍበት ድንጋይ አለ፤ ካለፈው ዓመት ልጆች አንዱ እንደ ጥንዚዛ ቀይ ቀብቶ ጥቁር ነጠብጣብ ያደረገበት። ከጭንቅላቴ ይበልጣል። አቅፌው መጣሁ።

"ጎንበስ በል" አልኩት በሹክሹክታ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ይቅርታ የሚጠየቅበት ነው።"

ታይለር ሳቀ፤ ማንኛውንም ነገር አንዴ ሳይሞክር የማያልፍ ልጅ ነው። ጎንበስ አለ። ጫንቃው ላይ አስቀመጥኩለት፤ በሁለት እጁ ያዘው። ልጆቹም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ።

ሰዓቱን አየሁ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ታይለር ከወደ ታች "ዳኛ? ይበቃል?" አለኝ።

አሁን ነው "አንሺለት" የሚባለው። አውቃለሁ። ወደ ማይ ዞርኩ። ማይ በፍርሃት ታየኛለች፤ ምን እንደሚደረግ የምታውቀው ነገር የለም፤ ማወቅም አትችልም፤ የነገርኳት የለም። አፌን ከፈትኩ። ድምፄ አልመጣም።

"ዳኛ?" አለ ታይለር እንደገና። ጆሮው ደም መስሏል። ድንጋዩን መጣል ይችል ነበር። የያዘው ማንም አልነበረም። ግን ሳልፈቅድለት አላወርድም አለ፤ የጻፍነውን ነገር ከሁላችንም በላይ ያመነበት እሱ ነበር። መጀመሪያ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከአፍንጫው ጫፍ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜአለሁ። ቃሏ አንዲት ናት። ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጣለች። አትወጣም።

"ቤዛ!"

ሚስ ሃልቨርሰን ጮኸች። ስልኩ ከእጇ ወድቆ በገመዱ ግድግዳውን ይመታል። መጥታ ድንጋዩን ከላዩ ነጠቀችና ታይለርን አቀፈችው። ቀና ስትል ፊቷ ወረቀት ሆኗል። ከቁጣ ይልቅ እኔን የፈራች ትመስል ነበር። እስከዚያ ቀን ትልቅ ሰው ፈርቶኝ አያውቅም።

የትምህርት ቤቱ አማካሪ ቢሮ የከረሜላ ሳህንና አሻንጉሊት ድብ ነበረው። አማካሪዋ ጎንበስ ብላ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

"ቤዛ፣ ይህን የት አየሽው?"

"ቤት።"

"ቤት ውስጥ አንቺን ድንጋይ አሸክመውሽ ያውቃሉ?"

ራሴን ነቀነቅሁ፤ አያውቁም ማለቴ ነው።

"ታዲያ ማን ነው የተሸከመው? ማን ነው ያሸከመው?"

እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ተደቅኖ አየሁት። ያን ጊዜ ሚስ ሃልቨርሰን ያስተማረችን ትዝ አለኝ፤ በፍርድ ፊት የቆመ ሰው ዝም የማለት መብት አለው። ዝም አልኩ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት እችልበታለሁ። አማካሪዋ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች፤ ዝም። ሌላ፤ ዝም። ዝም ባልኩ ቁጥር እስክሪብቶው ይጽፋል። ሰው ዝም ሲል ይህን ያህል የሚጻፍ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቴና እናቴ ደረሱ። አባቴ የሥራ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ነው፤ ደረቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ካርድ ተንጠልጥሏል። ሚስ ሃልቨርሰን ቢጫውን ወረቀት ከግድግዳው አውርዳ አመጣችው፤ አምስተኛውን አንቀጽ በጣቷ አሳየቻቸው፤ ከታች ያለችውንም የኔን ትንሽ ፊርማ።

"ታይለር ደህና ነው" አለች። "አንገቱ ትንሽ ቀልቷል እንጂ። ግን ይህን ማሰቧ አስጨንቆናል።"

አማካሪዋ ወደ አባቴ ዞረች። "ቤት ውስጥ እንዳየችው ነግራናለች። በእናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ቅጣት አለ?"

አባቴ እኔን አየኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን አየ።

"የለም" አለ። "እንዲህ ያለ ነገር እኛ አናውቅም። ከቴሌቪዥን አይታው ይሆናል።"

እናቴ ቶሎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። "ቴሌቪዥን ታበዛለች።"

ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። አባቴ ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም። መዋሸቱ ብቻም አይደለም የገረመኝ። ያቺን እሑድ፣ እያለቀሰ ድንጋዩን ያቀፈበትን ክንዱን፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ "የለም" አላት።

አማካሪዋ ወረቀቷን አጥፋ ያዘች። ነገ ጠዋት ከርእሰ መምህሯ ጋር እንደሚነጋገሩና የሕፃናት ጉዳይ ለሚመለከተው ቢሮ ስልክ መደወል አለመደወላቸውን ያኔ እንደሚወስኑ ነገረቻቸው።

እናቴ መኪናው ውስጥ እስክንገባ ታግሳ ነበር።

"ልጄን ሊወስዱብኝ ነው! ሶሻል ወርከር ቤቴ ሊመጣ ነው! ሪፖርት ሊያደርጉን ነው!"

"ማንም ማንንም አይወስድም" አለ አባቴ። መሪውን የያዙት ጣቶቹ ነጥተዋል። ጥቂት ነዳና "ድንጋዩ የት ነው?" አለ።

"በረንዳ ላይ ነዋ።"

"ይጣል።"

ቤት ስንደርስ እናቴ ለጋሼ ተፈራ ደወለች። ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ ቤቱን ሞላው፦ "እኔ ነገ ሄጄ ላስረዳቸው?"

"ኧረ በማርያም! አንተ ደግሞ ከነድንጋይህ! የባሰ ልታመጣብን?"

አባቴ ድንጋዩን በገበያ ላስቲክ ውስጥ ከተተው። ቀጥሎ በሌላ ላስቲክ ደረበው። በመስኮት አየዋለሁ። ገና አልመሸም፤ ፀሐይ በረዶው ላይ ታበራለች። ግራና ቀኝ እያየ ግቢውን አቋረጠ። ውሻ ይዛ የምትሄድ ጎረቤት "ሃይ" ስትለው ላስቲኩን ከጀርባው ደበቀ። ካለፈች በኋላ ከቆሻሻ ገንዳው ኋላ፣ ክምር በረዶው ላይ ጣለውና ፈጥኖ ተመለሰ። አባቴ ድንጋይ ሲሰርቅ የተያዘ ሰው ይመስል ነበር።

ሲገባ በሩ ላይ ጠበቅሁት።

"አባዬ፣ ለምንድን ነው የለም ያልካቸው?"

"አይገባሽም ቤዝዬ። እነሱ የሚያዩት ግማሹን ነው።"

"ሌላውን ግማሽ ለምን አልነገርካቸውም?"

መታጠቢያ ቤት ገብቶ እጁን በሳሙና መታጠብ ጀመረ። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ሰማሁ።

ምንጣፉ ላይ፣ ጋሼ ተፈራ ያጎነበሱበት ቦታ ጋ፣ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሚስ ሃልቨርሰን ግማሹን ያየችው ግማሹን ስላሳየኋት ነው። ሌላውን ግማሽ ማሳየት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አንዲት ቃል ነበር የሚፈልገው። አሁን አባቴ በሱ ምክንያት ዋሸ፤ እናቴ ደነገጠች፤ ታይለር ሳይነሳለት ቀረ። ከእራት በኋላ ጥርሴን ስቦርሽ መስተዋቱ ፊት አፌን ከፍቼ ሞከርኩት። "አንሳልኝ።" እንደገና። "አንሳልኝ።" የሳሙናው አረፋ በአገጬ ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት ከሁልጊዜው ቀድሜ ካፖርቴን ለበስኩ። እናቴ "ገና ነው እኮ አውቶቡሱ" ስትል ደረጃውን ወርጄ ነበር። ከቆሻሻ ገንዳው ኋላ ላስቲኩ እንደ ነበረ አለ። ድንጋዩን አውጥቼ የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ከደብተሮቼ ጋር አስገባሁት። ማንገቻው ትከሻዬን ሰነጠቀው። አውቶቡሱ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ ቅዝቃዜው በሱሪዬ አልፎ ገባ፤ ያ ሽታ ከዚፑ ይወጣል።

ሚስ ሃልቨርሰን እንደ ወትሮው በሩ ላይ ቆማ ልጆቹን ትቀበላለች። እኔን ስታይ ፈገግታዋ ትንሽ ዘገየ። ታይለር ኮት መስቀያው ጋ ነበር። ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩ፤ ድንጋዩን አወጣሁ፤ በሁለት እጄ ጫንቃዬ ላይ ሰቀልኩትና አጎነበስኩ። ከዚያ በኋላ ያየሁት የሰው ጫማ ብቻ ነው።

"ቤዛ! ምን እያደረግሽ ነው?" የሚስ ሃልቨርሰን ጫማ ወደ እኔ ፈጠነ።

"አላለቀም!" አልኩ።

ጮኼ ነው ያልኩት። ኮሪደሩ ሁሉ ሰማኝ። ጫማዋ ቆመ።

"ታይለር" አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ። "ትናንት ማይን አንሺለት ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አሁን አንሳልኝ።"

ውሃው በአንገቴ ወርዶ ጀርባዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ የታይለር ጫማ መጣ፤ ማሰሪያው አልታሰረም። ክብደቱ ከላዬ ተነሣ።

"ኡፍ፣ ይሄ ከትናንቱ ይከብዳል!" አለ። "የት ላድርገው?"

ቀና አልኩ። የሚስ ሃልቨርሰን እጅ አፏ ላይ ነው፤ እናቴ እሑድ ዕለት እንዳደረገችው። ማይ ከኋላዋ ቆማለች፣ ቦርሳዋን እንደያዘች። "እንዲህ ነበር እንዴ የሚደረገው?" አለችኝ።

"እንዲህ ነበር።"

ሚስ ሃልቨርሰን ተንበረከከችና ፊቴን በቅርብ አየችው። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። ወደ አማካሪዋ ቢሮ ሄድን፤ ታይለር ድንጋዩን አቅፎ ሳይጠራ ተከተለን። ርእሰ መምህሯም እዚያ ነበረች። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ስልኩም አጠገቡ። ከረሜላ አቀረቡልኝ፤ አልወሰድኩም።

"የትናንቱን ጥያቄ ልመልስ ነው የመጣሁት" አልኩ።

አማካሪዋ እስክሪብቶዋን አነሳች።

"ድንጋዩን የተሸከሙት ጋሼ ተፈራ ናቸው። ያሸከማቸው የለም፤ ራሳቸው ናቸው ከበረዶ ቆፍረው ያመጡት" አልኩ። "ያነሳላቸው ደግሞ አባቴ ነው።"